ኮምቦልቻ የፈላ ችግኝ ደሴ ላይ ሲተከል

ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር መንገድ ዳር ካለ አንድ የችግኝ መሸጫ ጎራ ማለት ልማድ ሆኖብኛል። በሰኔ ወር ስድስት ጽጌረዳ፣ ሁለት ጤና አዳም፣ አንድ የጥብስ ቅጠልና ሦስት ፓፓያ ገዝቼ በሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ክረምቱንም በጋውንም ስላሳለፉ አሁን አስተያየቴን ብሰጥ የቸኮልኩ አይመስለኝም።

በቅድሚያ የሚመሰገነው አፈሩ ነው። የበሰበሰ ፍግና አሸዋ በደንብ ስለተቀላቀለበት ውኃ አያቁርም፤ ፕላስቲኩን ቀድጄ ስመለከት የጽጌረዳዎቹ ሥር ነጭና ጤነኛ እንጂ ቦታ ጠቦት የተጠማዘዘ አልነበረም። ስድስቱም ጸድቀዋል። ጤና አዳሙማ ከዚያ ወዲህ ከቡና ስኒያችን ተለይቶ አያውቅም።

ቅሬታዬ በፓፓያው ላይ ነው። ሻጩ «ደሴም ይጸድቃል፣ አይጠራጠሩ» ብሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ ከፍታውም በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ችግኙ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 4 ዲግሪ ገደማ ወደሚቀዘቅዝ አገር ይደርሳል። ፓፓያዎቹ ክረምቱን እንደምንም ቢያልፉም በኅዳር ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው ግቢዬ ውርጭ ሲወርድ ቅጠላቸው በአንድ ሌሊት ጠቆረ። እኔም ማሰብ ነበረብኝ፤ ሆኖም ከደሴ የሚወርድ ደንበኛ የማያጣው ሻጭ የትኛው ችግኝ ደጋ እንደማይችል ቢናገር የሚጎዳው ነገር የለም።

ጽጌረዳዎቹ እምቡጥ ሲይዙ ክሽክሽ የሚባለው፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ወረራቸው። ሄጄ ስነግራቸው ያቀረቡልኝ መፍትሔ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ስሙም መጠኑም ያልተጻፈበት ፈሳሽ ነበር። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ መርዝ አልረጭም ብዬ ተውኩት። በምትኩ እምቡጦቹን በየጠዋቱ በውኃ አጠብኩ፣ ጥቂት ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃም ረጨሁ። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ሲሉ ከጠላቶቹ የሚከላከሉለትን ጉንዳኖችም ከግንዱ ላይ እያራገፍኩ አባረርኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ መጣች፤ እሷም እጮቿም ክሽክሽ በላተኞች ናቸው። ያን መርዝ ረጭቼ ቢሆን ኖሮ እሷንም፣ አበባው ላይ የሚያርፉትን ንቦችም ሳልጨርስ አልቀርም ነበር።

ዋጋቸው ደሴ ከምገዛበት ይቀንሳል፣ የሚኒባሱ ሂሳብ ልዩነቱን ቢያጠበውም። ለጽጌረዳ፣ ለጥብስ ቅጠልና ለጤና አዳም አሁንም ወደዚያው እወርዳለሁ። ፓፓያ ያማረው የደሴ ሰው ግን ኮምቦልቻ ዘመድ ካለው እዚያው ግቢው ያስተክል።