የቆሽት ኢንዛይም ለምትወስዱ፦ አንዲት ፋርማሲስት ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥር በሰደደ የቆሽት ብግነት ወይም በቆሽት ቀዶ ሕክምና ምክንያት የፓንክሪያቲን (ምግብ የሚፈጩ የቆሽት ኢንዛይሞች) ካፕሱል የታዘዘለት ሰው ካላችሁ ይህን አንብቡት። እህታችን ክሊኒካል ፋርማሲስት ናት፤ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ካፕሱሉን ቆጥሮ «በቀን ሦስቴ» ብሎ የሚሸኝ ሞልቷል። ይህ መድኃኒት ግን የሚወሰደው ማዕድ ታይቶ እንጂ ሰዓት ታይቶ አይደለም። እሷ ምክንያቱን ወረቀት ላይ አንጀት ስላ ታስረዳለች።

ከጨጓራ የወረደው አሲድ የትንሹን አንጀት መነሻ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ4.5 በታች ሲያወርደው ግድግዳው ሴክሬቲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ቆሽትም አሲዱን የሚያበርድ ባይካርቦኔት ያፈሳል። (ተመራማሪዎቹ ቤይሊስና ስታርሊንግ ይህን ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1902 ነርቩ በተቆረጠ የውሻ አንጀት አሳይተዋል፤ «ሆርሞን» የሚለው ቃል የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።) ስብና ፕሮቲን ሲደርሱ ደግሞ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሌላ ሆርሞን ይለቀቃል። እሱ በቫገስ ነርቭ በኩል ጭምር ቆሽትን ቀስቅሶ ላይፔዝ (ስብ የሚፈጭ)፣ አሚሌዝ (ስታርች የሚፈጭ) እና ትሪፕሲኖጅን (ገና ያልነቃ ፕሮቲን ፈጪ) ያስወጣል፤ የሐሞት ከረጢቱንም ይጨምቃል። ትሪፕሲኖጅን አንጀት ላይ የሚያነቃው ኢንዛይም ኢንተሮኪኔዝ እስኪያገኘው እንደተኛ ነው። ቆሽት ውስጥ እያለ ቢነቃ ቆሽቱን ራሱን ይፈጨዋል፤ «ቆሽቴ አረረ» ያኔ አባባል መሆኑ ይቀራል።

የታመመ ቆሽት ጥሪው ቢደርሰውም የሚልከው የለውም። ካፕሱሉ ኢንዛይም ቢይዝም ጥሪ አይሰማም፤ ስለዚህ ጊዜውን የሚጠብቅለት በሽተኛው ነው። የመጀመሪያው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጣል፤ ማዕዱ ከረዘመ ቀሪው መሃል ላይ። ከበሉ በኋላ የተዋጠው ምግቡን ላይደርስበት ይችላል። ለአዋቂ የተለመደው መነሻ ለዋና ምግብ ከ25,000 እስከ 50,000 የላይፔዝ ዩኒት፣ ለመክሰስ ግማሹ ነው፤ ሐኪም ያስተካክለዋል። የጾም ሽሮና ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ እኩል አይፈልጉም። ወተት ለሌለው ቡና ምንም አያስፈልግም።

ማኘክ አይፈቀድም፤ በካፕሱሉ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች ከጨጓራ አሲድ የሚጋርደው ሽፋናቸው ነው፣ ላይፔዝ ደግሞ ፒኤች ከ4 በታች ሲሆን ይበላሻል። መዋጥ ያቃተው ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን በአንድ ማንኪያ የተፈጨ ፖም ላይ ነስንሶ ወዲያው ይዋጥ፣ ውሃም ያስከትል። ወተት ሽፋኑን ያለጊዜው ያሟሟዋል፣ ትኩስ አጥሚት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። አፍ ውስጥ የቀረ ፍሬ ድድ ያቆስላል።

በጣም የማመሰግናት ግን እዚህ ላይ ነው። ሰገራው አሁንም ቅባታም ሆኖ የሚንሳፈፍ ከሆነ መጠን ይጨመር ከማለቷ በፊት አወሳሰዱን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። እሱ ትክክል ከሆነ ወደ አሲዱ ትሄዳለች፦ የደከመ ቆሽት ባይካርቦኔትም ስለሚያንሰው የአንጀቱ መነሻ እንደኮመጠጠ ይቆያል፣ ሽፋኑም በጊዜው አይሟሟም። ያኔ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይጨመር እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ትነጋገራለች። ጃርዲያም (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) እንዲመረመር ታሳስባለች፤ እኛ አገር ይህን መዝለል ስህተት ነው።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወደ እሷ ስትሄዱ ካፕሱሉን ከነእሽጉ ያዙ፤ ባለ10,000 እና ባለ25,000 ስላለ ዩኒቱን ራሷ አንብባ ነው የምታሰላው።