ሰንሩፉ ለሚያፈስበት የሐዋሳ ሰው፦ አቶቴ ያለውን ባለሙያ አመስግነን እንጠቁማችሁ

ሰላም ለሐዋሳ መኪና ባለቤቶች። አቶቴ አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን አለ። ስሜን አትጻፉት ስላለን አንጽፈውም። «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ለሱም ለእናንተም አይጠቅምም፤ ምን እንደሠራ ዝርዝሩን እዩትና ራሳችሁ ፍረዱ።

መኪናችን ሰንሩፍ (ጣሪያው ላይ ያለ የሚከፈት መስታወት) ያለው ሀዩንዳይ ቱሳን ነው። ችግሩ ሁለት መልክ ነበረው። ዝናብ ባደረ ቁጥር በጋቢናው ተሳፋሪ እግር ስር ያለው ሞኬት ይርሳል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከጣሪያው መብራት ጠርዝ ውሃ ጠብ ይላል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ታይቶ የመስታወቱ ዙሪያ በሲሊኮን ተለስኖ፣ ቱቦዎቹ በኮምፕሬሰር ተነፍተው ነበር። አልዳነም፣ እንዲያውም ባሰበት።

ልጁ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ ነው የጀመረው። የሚረጥበው ሲዘንብ ነው ወይስ ኤሲ ሲከፈት? እንደ ሐዋሳ ባለ ሙቅ ከተማ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኤሲው ውሃ መውረጃ ከተደፈነ የሚረጥበው ያው የተሳፋሪው እግር ስር ነውና ብዙ ሰው በከንቱ ሰንሩፉን ያስፈታል። ቀጥሎ እርጥቡን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ። የሚያሙለጨልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው፤ ጥፋቱም ክሩስኮት ውስጥ ካለው ማሞቂያ ነው። የኛ ንጹሕ ውሃ ነበር። የፊት መስታወቱን ጎማ፣ የአንቴናውን መቀመጫና የፖርቶመጋላውን ብሎኖች ስርም ደረቅ ሶፍት እየጠቀጠቀ ውሃ አፈሰሰባቸው። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሰንሩፍ ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም። ጥቂት ውሃ በጎማው አልፎ ይገባል፣ መግባቱም ታስቦበት ነው። ከመስታወቱ ስር ዙሪያውን የሚሄድ አሸንዳ አለ፤ የገባውን ውሃ ይቀበልና በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች ይለቀዋል። የፊቶቹ ሁለቱ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ ወርደው በአብዛኞቹ መኪኖች በፊት በር ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው ከኋላ ጎማ ጀርባ ወይም ከፓራውልት ስር ያፈሳሉ። የቤታችሁ አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ውሃ ወደ ውስጥ ቢመለስ ቆርቆሮውን በሲሚንቶ አትለስኑም፤ ሲሊኮኑም ከዚህ አይለይም። ጭራሽ ሲሊኮን የመስታወቱን እንቅስቃሴ ያንቃል፣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ እየተላጠ ሲወርድ ደግሞ ራሱ ቀዳዳ ይደፍናል። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ላሜራም ያዝጋል።

ፍተሻው ደስ ይላል፣ ቀላልም ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ሰንሩፉን ከፈተና በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንዱ ማዕዘን ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ማዕዘን ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚያልፈው። አራቱንም አንዴ ቢያፈስስ የትኛው እንደወረደ አይለይም። የኋላዎቹ ሁለቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መሬት ላይ ወረዱ። የግራ ፊቱ ግን አሸንዳው ላይ ቆመ፣ አልሄደም። የቀኝ ፊቱ ደግሞ ጠጥቶት ጠፋ፤ ውጭ አንድ ጠብታ አልታየም፣ ከምሰሶው ውስጥ ግን የጠብታ ድምፅ ተሰማ። ልጁ ጆሮውን ምሰሶው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ማየት ያስቃል፣ ግን በቃ፣ በሽታው ተገኘ። ግራው ተደፍኗል፤ አሸንዳው ሞልቶ ይቆይና ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ተንዶ በመብራቱ በኩል ይወርዳል። ቀኙ ከአፉ ተነቅሏል፤ ውሃው ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ሞኬቱ ላይ ያርፋል። ቀኙን የነቀለው ያ የኮምፕሬሰር ንፋስ ሳይሆን አይቀርም። ቱቦው አሸንዳው ላይ የሚያያዘው በመሰካት ብቻ ስለሆነ የጎማ መንፊያ ግፊት አይችልም። ንፋስ የግድ ከሆነ ከ2 ባር በታች ይሁን ይላል፤ እሱ ግን ከታች በኩል በቫኪዩም መሳብን ይመርጣል።

ለግራው ሽቦ አልተጠቀመም። ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል፤ የተበሳ ቱቦ ደግሞ ከተደፈነው የከፋ ነው፣ ምሰሶው ውስጥ ስለሚያፈስ አይታይም። የተጠቀመው የሳር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠመጠመውን 2 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ናይለን ነው። ጫፉን በላይተር አቅልጦ ድቡልቡል አደረገውና እያሽከረከረ ሰደደው። መጀመሪያ ግን ቀዳዳውን በቁራጭ ስፖንጅ ደፍኖ አሸንዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቷል፤ ያ ባይሆን ቆሻሻው ሁሉ ወደ ቱቦው ይገፋ ነበር። የወጣው አቧራ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የሲሊኮን ፍርፋሪ አንድ ላይ ተጋግሮ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነው። ዋርካና ሾላ ስር የምታቆሙ ሰዎች ይህን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ አወረደበት። የቱቦው መውጫ ላይ እንደ ዳክዬ አፍ የምትገጥም ትንሽ ጎማ አለች። እሷም በጭቃ ተጣብቃ ስለነበር በጣቱ ጨምቆ ከፈታት። አንዳንዱ ቆርጦ ይጥላታል። አይገባም፤ ነፍሳትና አቧራ ከታች እንዳይገቡ የምትከለክለው እሷ ናት።

ቀኙ የባሰ ሥራ ነበረው። የምሰሶው ሽፋን መነሳት አለበት፣ በብዙ መኪኖች ደግሞ እዚያ የመጋረጃ ኤር ባግ (በግጭት ጊዜ በጎን በኩል የሚነፋ መከላከያ ከረጢት) አለ። ስለዚህ በስህተት እንዳይፈነዳ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ 10 ደቂቃ ጠበቀ። ይህን የማይጠብቅ ሰው ምሰሶ ሲፈታላችሁ ካያችሁ በትህትና አስቁሙት። የቱቦው ጫፍ በሙቀት ደርቆ ሰፍቶ ነበር። የደረቀውን 2 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ ቀሪውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረና ለስለስ ሲል አሸንዳው አፍ ላይ እስከ መጨረሻው ገፋው። በትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያዘው፣ ግን አላጠበቀውም፤ ከጠበቀ ቱቦውን ያንቀዋል። ከተቆረጠ በኋላ የሚወጠር ቱቦ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን መቀየር ግድ ነበር። ለቅያሪ ዲያሜትሩ እኩል የሆነ፣ ሲታጠፍ የማይሰበር ለስላሳ ጎማ ነው የሚመረጠው። ቱቦው መሃል ላይ ረግቦ መቅረትም የለበትም፣ ውሃና ጭቃ እዚያ ይተኛበታል።

ሽፋኑን ከመመለሱ በፊት በየማዕዘኑ 2 ሊትር አወረደ። አራቱም ወረዱ።

ሲሊኮኑን ያነሳው በፕላስቲክ መፋቂያ ነው፤ ምላጭ ቀለም ይቧጥጣል። መስታወቱ ተገፍቶ ስለነበር ከፍታውንም አስተካከለ። የፊት ጠርዙ ከጣሪያው እኩል ወይም 1 ሚሊሜትር ዝቅ፣ የኋላው እኩል ወይም 1 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ፊቱ ከፍ ካለ ንፋስ ይይዝና ያፏጫል። መለኪያው የባንክ ካርድ ነበር፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ስለሆነ በቂ ነው። ጎማውን በሳሙና አጥቦ ስስ የሲሊኮን ቅባት (ያ ማሸጊያ ሲሊኮን አይደለም) ቀባው። ግራሶና ናፍጣ ጎማ ያሳብጣሉ፣ አትቀቡ።

ማድረቁን እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት። ከሞኬቱ ስር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ላዩ ደርቆ እያለ ታቹ ውሃ ይይዛል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም መሻገት ይጀምራል። ሞኬቱን አንስቶ በፎጣ ጨመቀው፣ ስሩ ያሉትን የገመድ ሶኬቶች እየነቀለ አረንጓዴ ዝገት እንደሌለ አየ፣ ከዚያ በሮቹ ተከፍተው 3 ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። የጣሪያው ጨርቅ ላይ ያለው የውሃ ክብ ግን አልጠፋም። ታፒሴሪ የኔ ሥራ አይደለም ብሎ በግልጽ ነግሮናል፤ ሌላው ቢሆን ነካክቶ ያበላሸው ነበር።

የማይቀበለውም ሥራ አለ። ሰፊ ፓኖራማ (አብዛኛውን ጣሪያ የሚሸፍን መስታወት) ያላቸው መኪኖች ላይ አሸንዳው ራሱ ከተሰነጠቀ መስታወቱም ኮርኒሱም መውረድ አለበት፣ ያን አይነካም። የማይከፈት መስታወት ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው ማጣበቂያው ነው፤ ወደ መስታወት ገጣሚ ይልካችኋል። ዋጋ በስልክ አይናገርም፣ አይቶ ነው። ወረፋም አለው፤ አጣዳፊ ሰው ይቸገራል።

ከጥገና በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ክረምት ሊገባ ሲልና ሲወጣ በየማዕዘኑ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፍስሳችሁ መውረዱን ማየት ይበቃል። ላቫጆ ላይ የግፊት ውሃውን ቀጥታ መስታወቱ ክፍተት ላይ እንዳይዙት ንገሯቸው፤ በቅርብ ሲመታ አሸንዳው ከሚችለው በላይ ያስገባል።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። የምትሄዱ ሰዎች መኪናውን አሳጥባችሁ አትውሰዱለት፤ ጭቃው የት እንደተቀመጠ ማየት ይፈልጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ውሃ የማፍሰሱን ፍተሻ በዚያው ቀን ይጨርስላችኋል። አድራሻውን በውስጥ መስመር እንልካለን።