ሥጋ ወይስ አትክልት፦ ለደም ቅባት የቱ ይሻላል?

ሁለት ሰሃን አስቡ። አንዱ ላይ ስብ የበዛበት ሥጋና ቅቤ አለ። ሌላው ላይ ባቄላ፣ አጃና አትክልት።

ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የሥጋና የቅቤ ስብ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን፣ «መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ከደም የማንሳት አቅሙን ያዳክመዋል። የአጃና የባቄላ ፋይበር ደግሞ አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል። ከየት ያመጣል? ከደም ነዋ!

ስለዚህ በኤልዲኤል አትክልቱ ይበልጣል። በትራይግሊሰራይድ፣ በሌላው የደም ቅባት ዓይነት፣ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ስኳርና ነጭ ዳቦ የሚያበዛ ሰው ሥጋ ባይነካም ሊያሻቅብበት ይችላል። የተጠበሰ ድንች ከለስላሳ ጋር እኮ ሥጋ የለበትም!

ወደ ልብ ስንመጣ፣ በእንግሊዝ 48,000 ገደማ ሰዎችን ለ18 ዓመት የተከታተለና በ2019 የወጣ ጥናት አለ። ሥጋና ዓሣ የማይበሉት ላይ የልብ ደም ሥር ሕመም በ22 በመቶ ያነሰ ነበር። ስትሮክ ግን በ20 በመቶ በለጠ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ባቄላውን እመርጣለሁ። ወተትና እንቁላልም የተወ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን ይውሰድ።