ከሰኞ ገበያ የገዛሁት ባና፦ በረዶ ሲዝቅ የኖረ ሰው አስተያየት

ደሴ ላይ ለብርድ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ባና ግዙ፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ወፍራም ብርድ ልብስ ማለቴ ነው። ስለ ጃኬቱም፣ የነብር ስዕል ስላለበት ብርድ ልብስም እመጣለሁ። ብዙ ማንበብ የማይወድ ሰው ግን መልሱን ከወዲሁ ይዞ ይሂድ።

የእኔ ባና ጥቁር ነው። ቀለም አልነካውም፣ በጉ እንደተፈጠረ ነው። ሁለት ቁራጭ መሀል ለመሀል ተሰፍቶ አንድ ሆኗል። ስፌቱ ወፍራም ስለሆነ በጨለማም በጣት ይገኛል። ጫፍና ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው። ለአንድ ሰው አልጋ ተርፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለባልና ሚስት ግን ሌሊቱን ሙሉ ያጓትታል። ክብደቱ መጀመሪያ ደረት ላይ ይጫናል። ቆይቶ ያለ እሱ እንቅልፍ እምቢ ይላል።

አሁን ስለ ብርድ ለማውራት ያለኝን የምስክር ወረቀት ላሳይ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ጥር 28፣ በፈረንጆቹ የካቲት 5 ቀን 2010 መሆኑ ነው፣ አርብ ዕለት በረዶ መጣል ጀመረ። ቅዳሜም ሲጥል ዋለ። የኛ አየር መንገድ የሚያርፍበት ደለስ ኤርፖርት ላይ የተለካው 82 ሳንቲሜትር ነው። ወንዙ ዳር ያለው ሬገን ኤርፖርት ደግሞ 45 ሳንቲሜትር ገደማ። ደለስ ላይ አንድ የአውሮፕላን ሃንጋር ጣሪያው ክብደቱን አልቻለም፣ ተደረመሰ። ባቡሩ ከመሬት በታች ባለው መስመር ብቻ ቀረ። የፌዴራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ። ያ ገና ሳይቀልጥ በኛ አቆጣጠር የካቲት 2 እና 3 ላይ ሌላ ዙር መጣ። ዋሽንግተን አካባቢ የነበረ አበሻ ሁሉ ያንን ሳምንት ያስታውሰዋል።

ታክሲዬን ያወቅኳት ከጣሪያዋ ላይ ባለችው የታክሲ መብራት ጫፍ ነው። መንገዱ ዳር የቆሙት መኪኖች በሙሉ ነጭ ጉብታ ሆነዋል። በአካፋ ቆፍሬ አወጣኋት። ወዲያው በረዶ ጠራጊው መኪና መጣና ከአስፋልቱ የገፋውን ጎኗ ላይ ቆለለው። እንደገና ቁፋሮ። ጎረቤቴ ያጸዳውን ቦታ ሌላ እንዳይወስድበት የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጦ ሥራ ሄደ። ማንም አልነካበትም። ይህን ነገር ደሴ ፒያሳ ላይ ሞክሩት እስቲ፣ ወንበሩም አይገኝም።

ከዚያ መብራት ጠፋ። እዚያ ሀገር ማሞቂያው ያለ መብራት አይሠራም፣ ቤቱ በአንድ ሌሊት ቀዘቀዘ። ሬዲዮው ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ እያለ ይለምናል። እኔ ግን ያ ብርድ ከልጅነቴ የማውቀው ሆነብኝ። እማዬ በሻንጣዬ የሸጎጠችልኝን ጋቢ አወጣሁና ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከፎቅ በላይ ያለው ሰውዬ በሶስት ጃኬት ይንቀጠቀጣል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ብርዱ ደጅ ነው የሚቀረው። ከሞቀ ቤት ወጥተህ የሞቀ መኪና ውስጥ ትገባለህ። ልብሱም የሚሠራው ለዚያች ለመሀሏ ሰዓት ነው። ደሴ ላይ ቤቱና ደጁ እኩል ይበርዳል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በበር ስንጥቅ ይገባል። አንሶላው ሳይታጠብ እርጥብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ይጠራና ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። በአንድ ዓመት ሁለት ዓይነት ብርድ አለብን፣ ለሁለቱም ማሞቂያ የለንም።

"ደሴ በረዶ የለም፣ ምን ታካብዳለህ" የሚለኝ አለ። የክረምቱን በረዶ ረስቶት ነው። ልጅ ሆነን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው አይሰማም ነበር። ካባራ በኋላ ከአጥሩ ሥር የተከመረውን በጣሳ እንለቅማለን፣ ስኳር ነስንሰን እንቆረጥማለን። ኩታበር ያሉት ዘመዶቻችን ግን ያን ቀን የሚያስቡት ገብሱን ነው። እኛ የምንቆረጥመው እነሱን ባዶ እጃቸውን ያስቀራቸዋል።

ወደ ጃኬቱ ልመለስ። የዳክዬ ላባ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ይዤ ነው የመጣሁት። እዚያ አገር ክብሬ ነበር። ደረቅ ብርድ ላይ የሚወዳደረው የለም፣ ይህን አልክድም። ላባ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ሲይዝ ነው። ከረጠበ አየሩ ይጠፋል። የደሴ ክረምት ገና በሐምሌ ላባውን በየጥጉ ሳይማሰል እንደቀረ ገንፎ አጓጎለው። ጥጥም ያው ነው። ጋቢያችን አራት ድርብ ስለሆነ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፣ አንዴ ውሃ ከጠጣ ግን ለመድረቅ ዘመን ይፈጅበታል።

የበግ ጠጉር ሌላ ነው። የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ያህል እርጥበት ውስጡ ይይዛል፣ ቆዳ ላይ ግን እርጥብ አይልም። እኔ ያመንኩት በጣሪያዬ ነው። ቆርቆሮው ምስማር በገባበት ቀዳዳ ያንጠባጥባል፣ ጠብታው የሚያርፈው ደግሞ እግሬ ላይ ነው። አንድ ሌሊት የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። ጠብታው ባናው ላይ ክብ ሆኖ ቆሟል። ጠጉሩ ጫፍ ላይ ያብረቀርቃል፣ አይሰምጥም። በጣቴ ስመታው ተንከባሎ ወደቀ። ጣሪያውን ማስጠገን እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ቤተሰብ ሁሉ ነግሮኛል።

የሸጡልኝ ሽማግሌ ከጉጉፍቱ ወዲያ ካለው ደጋ የመጡ ናቸው። ያን መንገድ የሚያውቅ ስለ ብርድ ለምን እንደማይቀልዱ ይገባዋል። እኔ ባናውን ቆሜ ስመለከት፣

"ንካው እንጂ ልጄ፣ አይነክስህም" አሉኝ።

"አባባ፣ ንጹሕ ጠጉር ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?" አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ከዘርፉ አንድ ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። ክሩ ትንሽ ተንጨረጨረና ጠፋ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። የቀረውን በጣቶቻቸው አሹት፣ ዱቄት ሆነ። ከዚያ ከጎናቸው ብርድ ልብስ የሚሸጠውን ልጅ ክር ለመኑት። ልጁ እየሳቀ ከነብሩ ጥግ ሰጣቸው። እሱ ቀለጠ፣ ጠቁሮ ጠንካራ እንክብል ሆነ። "ይሄ ላስቲክ ነው" አሉ። ልጁም አልተከራከረም።

ለነብሩም ፍትሕ ልስጥ። ለስላሳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ያሳምራል። ግን ያልብሃል። ላቡ የሚሄድበት ስለሌለ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ረጥበህ ትነቃለህ፣ ከዚያ በኋላ ብርዱ የባሰ ነው።

ዋጋውን አልጽፍም፣ ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል። ከነብሩ እንደሚወደድ፣ ከጥሩ ጋቢ ጋር ደግሞ እንደሚቀራረብ እወቁ። ሽማግሌው ጥቂት ቀነሱልኝ፣ ከዚያ "ወላሂ ከዚህ አይወርድም" አሉ። ስገዛ ያደረግኩትን እናንተም አድርጉ። ወደ ብርሃን አንሡና ተመልከቱ፣ ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ሽመናው ሳስቷል። ስፌቱን ግራና ቀኝ ሳቡት። ክርም አስቃጥሉ፣ እምቢ ያለ ሻጭ ካለ ወደሚቀጥለው እለፉ።

አሁን ጥፋቱ። ይኮሰኩሳል። በባዶ ገላ አይሞከርም፣ አንገት ላይ በተለይ። እኔ ጋቢ ከውስጥ፣ ባና ከላይ አድርጌ ነው የምተኛው። ለሕፃን አልመክርም። ይሸታል ደግሞ። አዲስ ሲሆን በግ ቤት ገብቶ ያደረ ነው የሚመስለው፣ ክረምት ሲረጥብ ሽታው ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ደጋግሞ ማስጣት ይቀንሰዋል፣ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ሽቶ ነፋሁበት፣ የተቀባ በግ ሆነ። ተዉት።

አጠባው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ማሸትም መጭመቅም የለም። በሙቅ ውሃ ከታሸ ይኮማተራል። ጎረቤቴ ለአንድ ላውንደሪ ሰጥታ የተመለሰላት የልጅ መጠቅለያ ነው። ሲረጥብ አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም፣ ስለዚህ የሚያግዝ ሰው ባለበት እጠቡት። ለማጠብ ጥቅምትን ጠብቁ። በነሐሴ የታጠበ ባና ሳይደርቅ መስከረም ይጠባል። ብል ደግሞ ይወደዋል። ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ከተረሳ ወንፊት ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚለበስ ባና ግን ብል አያገኘውም፣ የእኔ አልጋ ላይ ስለሚከርም እስካሁን ደህና ነው።

ከሁሉ የወደድኩለት ከሰል ማስቀረቱን ነው። ደሴ ላይ ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ከከሰል ጭስ ውስጥ ገዳዩ ነገር አይሸትም፣ አይታይም። እዚያ ሬዲዮው የለመነው እዚህም እውነት ነው። ባናውን ከገዛሁ ወዲህ ማንደጃዬ ሥራው ቡና ብቻ ሆኗል፣ እሱም በረንዳ ላይ።

ኮምቦልቻ ላሉ ወገኖች ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ጃኬት ይወልቃል፣ ቦርከና ሜዳ ላይ ሹራብ ይከተላል። እዚያ ያለችው እህቴ ባናዬን አይታ "ይሄን ለማን ልታለብስ ነው?" ብላ ስቃብኛለች። መጥታ አንድ ሌሊት አድራ ግን ጠዋት ከላዬ ላይ ተገፎ አገኘሁት።

ሁለተኛ ልገዛ ነው። ሰፊ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ካላቸው ሽማግሌውን ጠይቄአቸዋለሁ። "ሸማኔው ካደረሰ ነው፣ አብሽር" ብለውኛል። የላባ ጃኬቱ ግን ይሸጣል። ኤክስ ኤል ነው፣ ዚፑ ደህና ነው፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ላባው ተመልሶ ይነፋል። ደሴ ለሚቀር ሰው አልሸጥም። ቪዛ የመጣለት ካለ ይምጣ።