የተጠረበ ደረት ወይስ የተነባበረ? የቆየ የጃዝ ጊታር በአዳማ ለሚገዙ

አዳማ ውስጥ በሆቴል መድረክም ሆነ በቤቱ ጃዝ የሚጫወት ሰው የቆየ አርችቶፕ ጊታር ሲፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣ ወይም ከአንድ ተጫዋች ወደ ሌላው ሲሸጋገር የኖረ ነው። ደረቱ እንደ ቫዮሊን ወደ ላይ ያበጠ፣ በክብ ቀዳዳ ፈንታም በሁለት ጎኑ የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች የተከፈቱለት ይህ ጊታር ከተለመደው ቦክስ ጊታር በመልክ ብቻ አይለይም፤ አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ጉዳቱም ጥገናውም ሌላ ነው። ስለዚህ ገዢው ከስሙና ከዕድሜው በፊት ደረቱ ከምን እንደተሠራ ሊጠይቅ ይገባል።

ሁለቱ ዓይነቶች ግልጽ ናቸው። የመጀመሪያው ደረቱ ከወፍራም የስፕሩስ እንጨት እየተጠረበና እየሳሳ የወጣ ሲሆን፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው ኤል-5 የዚህ ዓይነት አርአያ ነው። ሁለተኛው ከስስ የእንጨት ንጣፎች ተነባብሮ በማጣበቂያ የተያያዘና በቅርጽ ላይ ተጭኖ የቆለመመ ነው፤ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ኢኤስ-175 ለዚህ ይጠቀሳል። አናጺዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉት የዚሁ ስልት ውጤት በመሆኑ አንዳንድ ሻጭ ቃሉን ሲሰማ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ይሁንና የአሜሪካ ጃዝ ጊታር ተጫዋቾቹ ጆ ፓስና ጂም ሆል ዘላቂ ዝና ያተረፉት ይህንኑ የተነባበረ ጊታር ይዘው ነው። ሆፍነርን የመሰሉ የጀርመን ጊታሮች ደግሞ በሁለቱም ዓይነት ስለተሠሩ፣ በጊታሩ ራስ ላይ ያለውን ስም ብቻ አንብቦ መወሰን አይቻልም።

መለያው በኤፍ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይገኛል። የስልክን መብራት ወደ ጠርዙ አስጠግተው ሲመለከቱ፣ በፊት ለፊት የሚታዩት ቀጫጭን የእንጨት መስመሮች ጠርዙን አልፈው ወደ ውስጥ ከዘለቁ የተጠረበ ነው፤ እንደ ተደራረበ ወረቀት ሦስት ቀጫጭን ንጣፎች ከታዩ ግን የተነባበረ ነው። ጠርዙ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ከሆነ፣ ትንሽ መስተዋት በቀዳዳው አስገብቶ የደረቱን የውስጥ ገጽ ከውጩ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ለአዳማ ነዋሪ ይህ ልዩነት ከድምፅ ባሻገር የሚታሰብ ነው። በበጋ ደረቁ ነፋስ ለሳምንታት ሲነፍስ ስፕሩስ እርጥበቱን እያጣ በጎኑ ይኮማተራል፤ ጠርዙ ግን በኮላ ተይዞ ስለማይላወስ፣ ደረቱ በመስመሮቹ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለ እንጨት የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ስለሆነ፣ ጊታሩ በጋውን በሙሉ በሳጥኑ ውስጥ፣ ርጥብ ስፖንጅ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ተደርጎለት ሊቀመጥ ይገባዋል። በተነባበረው ጊታር ውስጥ የንጣፎቹ መስመሮች እርስ በርስ ስለሚሻገሩ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ በዚህ ምክንያት በቸልታ የተያዘ ጊታር እንኳ ሳይሰነጠቅ ይቆያል።

በድምፅ በኩል ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተጠረበውን የሚስተካከል የለም፤ ያለ አምፕሊፋየር ሲመቱት ድምፁ በፍጥነት ይነሣል፣ እያንዳንዱ ኖታም ተለይቶ ይሰማል። ነገር ግን ከበሮና ትልቅ ስፒከር ባለበት የሆቴል አዳራሽ ይኸው ሕያው ደረት ከስፒከሩ የሚመጣውን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ይጮኻል። የተነባበረው ብዙም አይንቀጠቀጥምና ለመድረክ ይታዘዛል።

ከዚህ ይልቅ ገዢን ይበልጥ የሚጎዳው በተጠገነና ባልተጠገነ መካከል በትክክል አለመምረጥ ነው። እኔ ራሴ የተጠረበ ደረት ያለው ጊታር ነበረኝ፤ ከኤፍ ቀዳዳው ሥር የጣት ርዝመት ያህል ስንጥቅ ስላገኘሁበት ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። ባለሙያው ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ሞልቶ፣ አካባቢውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ሙሉ ደረቱን በአዲስ ቫርኒሽ አብለጭልጮ መለሰልኝ። በሁለተኛው በጋ ስንጥቁ ከጎኑ ተከፈተ፤ ሱፐር ግሉ ወደ እንጨቱ ጠልቆ ስለነበረም ሌላ ኮላ ሊይዝለት አልቻለም። የጥንቶቹ ሠሪዎች የተጠቀሙበት ከከብት ቆዳ የሚሠራው ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ጊታሩን ሳይሰብሩ ከፍቶ መጠገን የሚቻለውም በዚሁ ባሕርይው ነው። በእርግጥ ይኸው ባሕርይ ጊታርን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውን አደገኛ ያደርገዋል። የመጀመሪያው የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ተፍቆ በአዲስ ከተተካ ደግሞ ደረቱ ይሳሳል ወይም በወፍራም ሽፋን ይታፈናል፤ የመሸጫ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ስንጥቁ በግልጽ የሚታይ፣ ነገር ግን ማንም ያልነካው ጊታር፣ አምሮ ከተሠራውና ታሪኩ ከማይታወቀው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም አስቀድሞ የሚፈተሸው አንገቱ ነው። ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ፣ በበገና አጠራር ብርኩማው፣ በደረቱ ላይ አልተለጠፈም፤ የክሮቹ ጫና ብቻ ነው የሚይዘው። ብሪጁ እስከ ታች ዝቅ ተደርጎም በ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በተርታ ከተተከሉት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ የክሮቹ ከፍታ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ማዕዘን ተዛብቷል ማለት ነው። ሻጩ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ሲጠበቅ ይስተካከላል ቢል አይታመን፤ ዘንጉ የአንገቱን ጉብጠት እንጂ ማዕዘኑን አያቀናም፤ በብዙ የቆዩ የአውሮፓ ጊታሮችም የሚስተካከል ዘንግ ጭራሽ የለም። አንገቱን ነቅሎ እንደገና መትከል ብዙውን ጊዜ ስንጥቅ ከመጠገን ይልቅ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ሥራ ነው። በተቃራኒው ብሪጁ ከልክ በላይ ተነሥቶ ከታየ ደረቱ ሰጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደረቱን በጣት አንጓ ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርጉ የሚነዝር ድምፅ ከተሰማ፣ ከውስጥ የሚደግፈው ዘንግ እንጨት ለቋል።

ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ አምፕሊፋየር የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ለሌለው የተጠረበ ጊታር ደረቱን ቆርጦ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ከአንገቱ ጫፍ ወይም ከጣት መከላከያው ጋር የሚታሰር ፒክአፕ አለ። ከሴሉሎይድ የተሠራው አሮጌ የጣት መከላከያ እየፈረሰ የሚያወጣው ጋዝ በአጠገቡ ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ ስለዚህ ተነቅሎ ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ። ክር ሲቀየርም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውረድ ብሪጁን ከቦታው ያስለቅቃልና አንድ በአንድ ይቀየር።

በሳምንት ሁለት ሌሊት በሆቴል የሚጫወትና ጠጋኝ ከአዲስ አበባ ለማምጣት የሚቸገር ሰው፣ አንገቱ ቀጥ ያለና ቫርኒሹ ያልተነካ የተነባበረ ጊታር ቢገዛ እመክራለሁ። የተጠረበውን ልግዛ የሚል ሰው ደግሞ ስንጥቁ ገና ያልተሞላውን ይምረጥና፣ በቆዳ ኮላ የሚሠራ ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ ክሮቹን አላልቶ በሳጥኑ ያቆየው። እኔም ሁለተኛውን ጊታሬን እንዲሁ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ስንጥቁም ካለፈው በጋ ወዲህ አልረዘመም።