የአቶቴዋ ጀበና ቡና፦ ታፔላ የላትም፣ ቡናዋ ግን ቡና ነው

ሀዋሳ ተቀምጦ ጥሩ ቡና አጣሁ ማለት ያሳፍራል። ግን እውነት ነው። የሲዳማ ዋና ከተማ ላይ ነው ያለነው። በንሳ፣ አለታ ወንዶ፣ ዳሌ እያልን እንኮራለን። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ላይ የተካሄደውን የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር ያሸነፈውም የሲዳማ ቡና ነው። ስኒው ላይ ስንመጣ ግን ብዙ ቦታ የምንጠጣው ያረረ ነው። ምርጡ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የቀረልንን ደግሞ እስኪከስል እንቆላዋለን። ከዚያ በስኳር እናባብለዋለን።

ስለዚህ አቶቴ አካባቢ ያገኘኋትን ጀበና ቡና ለብቻዬ ደብቄ መያዝ አልቻልኩም። ታፔላ የላትም። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን፣ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረባት ናት። ደንበኛው ሁሉ ባለቤቷን «እትዬ» ይላቸዋል፤ ቤቷም በዚያው «እትዬ ጋር» ተብላ ቀርታለች። ጥቂት ዱካ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ መሬቱ ላይ ያ የምናውቀው የፕላስቲክ ሳር። (ቄጠማ የሚጎዘጎዘው ለበዓል ብቻ ነው። አልፈርድባቸውም፣ በየቀኑ ማን ይችለዋል።)

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ስለምውል አስር ሰዓት ላይ ቡና ካላገኘሁ ራሴን ይወጋኛል። ድሮ የምሄደው ማሽን ያለው ካፌ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። መብራት ሲጠፋ ቡናውም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲኖር ደግሞ ማኪያቶው ወተት ብቻ ነው። እትዬ ጋር ከሰል አለ፤ መብራት መጣ ሄደ ብሎ የሚጨነቅ የለም።

ዋናው ልዩነት ቁሌቱ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ጠዋት ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በፌስታል የተቋጠረው ነው እስከ ማታ የሚፈላው። እትዬ የሚቆሉት በትንሽ በትንሹ ነው፤ ለአንድ ሁለት ጀበና የሚበቃ ብቻ። መጀመሪያ ጥሬውን ይለቅማሉ። የጠቆረውን፣ የነቀዘውን፣ የተሰባበረውን ያወጣሉ። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ያጥቡታል። ምጣዱ ላይ ከወጣ በኋላ ወሬ የለም። ማማሰያው ከእጃቸው አይለይም። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ላዩ ወዝቶ ሳያብለጨልጭ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀረፋ ሲመስል ያወርዱታል። ጭሱን ለሁሉም ሰው በተራ ያዞራሉ፣ ከዚያ ወደ ሙቀጫው።

አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ «እትዬ፣ የኔን ትንሽ ጠቆር ያድርጉልኝ» አላቸው።

«ጥቁር ከፈለግህ ከሰሉ አለልህ፣ የኔ ልጅ።»

ማፍላቱም ላይ ችኮላ የለም። ጀበናው ገንፈል ሲል ያወጡትና ማቶቱ ላይ ያስቀምጡታል። አተላው እስኪወርድ ማንም ቢለምናቸው አይቀዱም። ሲቀዱ ከፍ አድርገው፣ ቀጠን አድርገው፣ ሳያቋርጡ ከስኒ ወደ ስኒ ያልፋሉ። በየመሀሉ ጀበናውን ቀና ቢያደርጉት አተላው ይነሳላ!

ቡናው ከበንሳ ነው፤ ዘመድ ነው የሚያመጣላቸው። አቦሉን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ይህን የምላችሁ ሁለት ማንኪያ ስኳር ሳልጨምር ስኒ አንስቼ የማላውቀው ሴትዮ ነኝ። ምላስ ጫፍ ላይ ለስለስ ይላል፤ ከዋጡት በኋላ ትንሽ ሎሚ ሎሚ የሚል ጎምዛዛነት ይቀራል። ያ ነው የሲዳማ ቡና፤ ሲያርር መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ጤና አዳም ለሚወድ አለ፣ ግን ምክሬን ስሙኝ፦ አቦሉ ላይ አታድርጉት። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ቡናውን ይሸፍነዋል። ለቶናው ይሁን።

ስኒው 25 ብር ነው፤ ቴሌብር ይቀበላሉ። ፈንዲሻው በነፃ ነው። ቆሎው ሁሌ ትኩስ አይደለም፣ ይለፋችሁ። አምባሻ ጠዋት ብቻ ነው፣ እሱም ቶሎ ያልቃል።

ቅሬታም አለኝ። ንፋስ ከሐይቁ በኩል ሲነሳ ጭሱ በሙሉ አግዳሚው ላይ ነው የሚወርደው። የደንበኛ ልብስ ይዤ እዚያ አልቀመጥም፤ የሰው የሰርግ ቀሚስ እጣንና ቁሌት እየሸተተ አላስረክብም። እናንተም ነጭ ከለበሳችሁ ዱካውን ምረጡ፣ እሱም ግድግዳውን የተጠጋውን። ዝናብ ሲከብድ ሸራው አንድ ጥግ ላይ ያንጠባጥባል። ደጋግመን ነግረናቸዋል፣ «ይሠራል» ብቻ ነው መልሱ። እሁድ ዝግ ነው።

ደግሞ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም። ቁሌት ላይ ከደረሳችሁ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው። ባጃጅ እያስቆማችሁ «ቶሎ በሉልኝ» ብትሉ እትዬ ቀና ብለውም አያዩዋችሁም። ላፕቶፕ ይዤ ልሥራ የምትሉም ሌላ ቦታ ፈልጉ። ዋይፋይ የለም። ሶኬት አንዲት ናት፤ እሷንም የእትዬ ስልክ ይዟታል።