የወይራ ከዘራዬ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ከዘራውን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ እየከዳኝ አስቸግሮኝ ነበር። አሁን ሐምሌ ገብቷል። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት አንድም ቀን ያለ እሱ ከቤት አልወጣሁም።

የገዛሁት ከነጋዴ ሳይሆን ከሠሪው እጅ ነው፤ 900 ብር። አሠራሩንም አሳይቶኛል። እርጥቡን ወይራ ከነልጡ ፍም ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል። ለስለስ ሲል ቀስ አድርጎ ያጎብጠውና በገመድ ጠፍሮ ለሳምንታት ያቆየዋል። የሚልጠው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ሲሠራ የእንጨቱ ጅማት ሳይቆረጥ ከእጀታው ጋር አብሮ ይጎብጣል። ከጣውላ ተቆርጦ የተቀረጸ ቆልማማ እጀታ ግን ጅማቱ አንገቱ ላይ ይቋረጣል። ሰው ሲደገፈው የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። የእኔ እስከ ዛሬ ሙሉ ክብደቴን ስጥልበት ንቅንቅ አላለም።

መጀመሪያ ሰሞን እጀታውን ይዤ ስቆይ መዳፌ የወይራ ጭስ ይሸት ነበር። እናቴ የጠላ ጋን ስታጥን ቤቱን የሚሞላው ሽታ ነው። አሁን ጠፍቷል። በምትኩ መዳፌ የሚያርፍበት ቦታ ጠቆር ብሎ እንደ መስታወት ወዝቷል።

ወደ ርዝመቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት እሱ ነው። ስገዛ ሠሪው፣ «ጋሼ፣ ቁመና ስላለዎት ረዘም ያለው ነው የሚያምርብዎት» አለኝ። እውነትም ያምር ነበር። 94 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ወር እንደሄድኩበት ግን ትከሻዬ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ለጉልበቴ የምትከታተለኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገና ስገባ አይታ፣ «ትከሻዎን እኮ ሰቅለውታል» አለችኝ።

የሚያስፈልገው የሰውን ልክ መውሰድ ነው። ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ። እጅዎን ዝም ብለው ወደ ታች ይልቀቁት። ሌላ ሰው ከዘራውን ገልብጦ እጀታውን መሬት ላይ ያቁምና የእጅ አንጓዎ እጥፋት ጋ ምልክት ያድርግ። ልክዎ እሱ ነው። ሲይዙት ክርንዎ ትንሽ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል፣ መታጠፍ አለበት። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው፤ ልኬ 88 ሆኖ ተገኘ። የጫፉ ጎማ አንድ ሴንቲ ስለሚጨምር 87 ላይ አስቆረጥኩት። በሳምንቱ ትከሻዬ ተወኝ።

ሌላም አረመችኝ። እኔ የምይዘው በሚያመኝ በኩል፣ በቀኝ እጄ ነበር። ለካ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው። የታመመው እግር ሲራመድ ከዘራው አብሮት ይራመዳል። ያኔ የጉልበቱ ሸክም ይቀንሳል። አባቶቻችንን ሳስታውስ ብዙዎቹ ይዘውት የነበረው በተገላቢጦሽ ነው። ያሳዝነኛል።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ጥር ላይ፣ በዚያ ደረቅ አየር፣ ከታች ጫፉ ላይ አራት ሴንቲ የሚሆን ቀጭን ስንጥቅ ወጣበት። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ነው የተሸጠልኝ። ወይራ ቀስ ብሎ ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት፤ የተቆረጠው ጫፉም ሰም ካልተቀባ እርጥበቱ በዚያ በኩል ቶሎ ይወጣና ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት በጨርቅ እያሸሁ በየወሩ እቀባዋለሁ። ስንጥቁ ከዚያ ወዲህ አልጨመረም።

ክብደቱም አለ። ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ለእኔ ምንም አይደል፤ እጁ ለደከመ ሰው ግን ቀለል ያለ እንጨት እመክራለሁ።

ጎማውን ደግሞ ሁለቴ ቀይሬዋለሁ። ሲገዛ ባዶ ጫፍ ነበር፤ የባንክ ቤት እርጥብ ሴራሚክ ላይ አንሸራቶኝ ግድግዳ ነው የያዘኝ። በማግስቱ የክራንች ጎማ ገዛሁ። ጫፉን በሞረድ ጠበብ አድርጌ፣ ጥብቅ ብሎ እስኪገባ ድረስ አስተካከልኩት። አስፋልት ስለሚበላው የታችኛው ክብ ክቡ መስመር ሲጠፋ ሳይውል ሳያድር መቀየር ነው።

ሚኒባስ ላይ ስሳፈር እጀታውን ክንዴ ላይ አንጠለጥለውና ሁለቱም እጄ ነጻ ይሆናል። ቀጥ ያለ ምርኩዝ ይህን አይሰጥም።

ባለፈው ሳምንት ለታላቅ እህቴ አንድ አዘዝኩላት። የዘወትር ጫማዋን አስደርጌ ራሴ ለካኋት፤ 81 ሴንቲ። ሠሪው ከዓምና የተቆረጠ ወይራ አለኝ ብሎ ጫፉ ላይ የተቀባውን ሰም አሳይቶኛል።